የቤት ቪዲዮን ማሳነስ፦ ለቴሌቪዥን፣ ለቴሌግራምና ለማስቀመጫ

ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና ወይም ምርቃት ተቀርጾ ካበቃ በኋላ «ይሄን ሁሉ ጊጋ ምን ላድርገው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። መልሱ ግን ከፕሮግራሙ ቁልፎች አይጀምርም። ፋይሉ የት ነው የሚታየው? ሳሎን ባለው ቴሌቪዥን ላይ በፍላሽ? ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች በቴሌግራም ሊላክ? ወይስ ልጆቹ አድገው እንዲያዩት ሊቀመጥ? እነዚህ ሦስት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። አንዱ ለሁሉም ይብቃ ሲባል ወይ ለስልክ ይከብዳል፣ ወይ በትልቁ ስክሪን ላይ ይደበዝዛል።

ከሁሉ በፊት ካሜራው ወይም ስልኩ ያወጣው ኦርጅናል አይነካም። መጭመቅ ማለት ከምስሉ ውስጥ መረጃ መጣል ነው፤ የተጣለው ደግሞ አይመለስም። በተጨመቀው ላይ ሌላ መጭመቅ ሲደረብበት፣ የመጀመሪያው ጉድለት የምስሉ አካል ተደርጎ ይቆጠርና እሱን ለመያዝ ተጨማሪ መረጃ ይባክናል። ይህ ምክር ለመሀል አዲስ አበባ ሰው ሌላም ክብደት አለው። ከ2016 ዓ.ም. ፈረሳ በፊት ፒያሳ ላይ የተቀረጸ የሰርግ መኪና አጀብ፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ ዛሬ የሌሉ ቤቶችን ይዟል። መጭመቂያው ቀድሞ የሚያደበዝዘው ደግሞ ያንኑ ጀርባ ነው፤ የግድግዳ ቀለም፣ የሱቅ ማስታወቂያ ጽሑፍ፣ የሰገነት ሐረግ። እነዚህን ነገሮች ነገ የሚፈልጋቸው ሰው አለ።

መጠኑ ከየት ይመጣል

ፋይልን የሚያገዝፉት ርዝመቱና ቢትሬቱ ናቸው። ቢትሬት ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የመረጃ መጠን ነው። ሜጋቢቱን በሰከንዶቹ ብዛት አባዝታችሁ ለ8 ስታካፍሉ ሜጋባይቱን ታገኛላችሁ። በሰከንድ በ8 ሜጋቢት የወጣ የ1 ሰዓት ቪዲዮ 8 × 3600 ÷ 8፣ ማለትም 3600 ሜጋባይት ይሆናል። በ192 ኪሎቢት የሚወጣ ድምፅ በዚህ ላይ የሚጨምረው በሰዓት 86 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ ድምፁን አትጉዱት። የሽማግሌዎቹ ምርቃት በተሰባበረ ድምፅ ከተሰማ፣ ምስሉ የቱንም ያህል ቢጠራ ዋናው ነገር ጠፍቷል።

ሬዞሉሽን፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት (720ፒ፣ 1080ፒ፣ 4ኬ እያለ ያድጋል)፣ ብቻውን ጥራት አይሰጥም። 1080ፒ ብላችሁ 2 ሜጋቢት ብቻ ከመደባችሁለት ፋይሉ ያንሳል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው መረጃ ስለማይበቃ፣ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ምስሉ በትንንሽ ካሬዎች ይሸፈናል። በዚያው 2 ሜጋቢት 720ፒ ብታወጡት በስልክ ላይ የተሻለ ይታያል። ቢትሬቱ ሲወርድ ሬዞሉሽኑም አብሮት ይውረድ።

ለማነጻጸሪያ፣ አይፎን በ4ኬ፣ በሰከንድ በ30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እና ቀጥሎ በምናየው የኤች.265 መጭመቂያ ሲቀርጽ በደቂቃ 170 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ አንድ ሰዓቱ ከ10 ጊጋባይት ያልፋል። በ1080ፒና በ30 ፍሬም ከሆነ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለቤት ቪዲዮ 1080ፒ ብዙ ጊዜ በቂ ነው።

መያዣና ኮዴክ

ኤምፒ4፣ ኤምኬቪና ኤምኦቪ መያዣዎች ናቸው። እንደ ጆንያ ቁጠሯቸው፤ ውስጡ ያለው ጤፍ ይሁን ስንዴ ከውጭ አይታወቅም። ምስሉ የተጨመቀበት ዘዴ ኮዴክ ይባላል። «ቴሌቪዥኑ ኤምፒ4 ይከፍት ነበር፣ ይሄኛውን ግን እምቢ አለ» ሲባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ጆንያው ሳይሆን በውስጡ ያለው ኮዴክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኤች.264 ዛሬም ቢሆን በአሮጌ ቴሌቪዥን፣ በርካሽ ስልክና በደከመ ላፕቶፕ ሳያስቸግር ይከፈታል። በ2013 የመጣው ኤች.265 ለተመሳሳይ ጥራት መጠኑን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን ለመጨመቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ የቆዩ ቴሌቪዥኖችም አያነቡትም። ፋይሉ ከእጃችሁ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው የሚሄድ ከሆነ ኤች.264 በኤምፒ4፣ ድምፁ ደግሞ ኤኤሲ ይሁን። ኤች.265 ለራሳችሁ ማስቀመጫና አዲስ ስልክ ላላቸው ሰዎች ይቆይ።

ለቴሌቪዥን የሚሆን ፋይል ማውጣት

ቪዲዮውን በማቀናበሪያ ፕሮግራም የምትቆርጡና የምትቀጥሉ ከሆነ፣ ከዚያ መጀመሪያ አንድ ጥሩ እናት ፋይል አውጡ፤ 1080ፒ፣ ኤች.264፣ ከ30 እስከ 40 ሜጋቢት። በ30 ሜጋቢት የ1 ሰዓት ፋይል 13.5 ጊጋባይት ይሆናል፤ ይብዛ፣ ምንም አይደለም። ትንንሾቹ ፋይሎች በሙሉ የሚወለዱት ከዚህ ነው። የፈለጋችሁት የፊቱንና የኋላውን ትርፍ መቁረጥ ብቻ ከሆነ ግን እንደገና መጨመቅ አያስፈልጋችሁም። ሎስለስካት የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሳይጨምቅ ይቆርጣል። የመቁረጫው ቦታ አንድ ሁለት ሰከንድ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሊሸሽ ስለሚችል ዳርና ዳሩን ትንሽ ትርፍ ተዉለት።

ለማሳነሱ ሃንድብሬክ የተባለው ፕሮግራም ይበቃል። ነፃ ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ፋይሉን ክፈቱና ከፕሪሴቶቹ (ከተዘጋጁት ቅንብሮች) «ፋስት 1080ፒ30» የሚለውን እንደ መነሻ ያዙ። ከዚያ «ቪዲዮ» የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ እነዚህን አስተካክሉ። ኢንኮደሩ (መጭመቂያው) በኤክስ264 የሚሠራው ኤች.264 ይሁን። ፍሬም ሬቱን (በሰከንድ የሚያልፈውን የፍሬም ብዛት) «ሴም አዝ ሶርስ» እና «ኮንስታንት» አድርጉት። ጥራቱን ከ«ኮንስታንት ኳሊቲ» ምረጡ፤ አርኤፍ የሚባለው ቁጥር እዚያው አለ።

በአርኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፣ ፋይሉም ይገዝፋል። ለ1080ፒ ከ20 እስከ 24፣ ለ720ፒ ከ19 እስከ 23፣ ለአሮጌ ካሴትና ዲቪዲ ከ18 እስከ 22፣ ለ4ኬ ከ22 እስከ 28 ባለው ውስጥ ሥሩ። በ6 ሲጨምር ፋይሉ በግምት በግማሽ ይቀንሳል፤ በ6 ሲቀንስ እጥፍ ይሆናል። ለሳሎን ቴሌቪዥን 21 ወይም 22 ጥሩ መነሻ ነው። ይህ አሠራር ከቋሚ ቢትሬት የሚሻለው መረጃውን እንደየትዕይንቱ ስለሚያከፋፍል ነው፤ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ጥቂት፣ ለጭፈራው ብዙ ይሰጣል።

«ኢንኮደር ፕሪሴት» የሚለውን ወደ «ስሎው» ጎትቱት። ጊዜ ይፈጃል፣ መረጃውን ግን በተሻለ ቁጠባ ይጠቀምበታል። ከዚያም ይበልጥ ወደሚዘገዩት መሄድ ግን ለሚባክነው ሰዓት የሚመጥን ትርፍ የለውም። የግራፊክስ ካርዱን የሚጠቀሙት ኢንኮደሮች እጅግ ይፈጥናሉ፤ ለተመሳሳይ ጥራት ግን ብዙውን ጊዜ ትልቅ ፋይል ነው የሚያወጡት። ለዛሬ ማታ መድረስ ያለበት ነገር ካለ ተጠቀሙባቸው፤ ለሚቀመጥ ፋይል ግን አይመከርም። ድምፁ ኤኤሲ፣ ስቴሪዮ፣ 192 ኪሎቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ይሁን።

ፍላሹንም ተመልከቱ። በፋት32 የተፎረመተ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚለው ለዚህ ነው። በ8 ሜጋቢት የተሠራ ቪዲዮ 70 ደቂቃ ገደማ ሲሞላው እዚህ ገደብ ላይ ይደርሳል። ቴሌቪዥኑ ኤክስፋት የሚያነብ ከሆነ ፍላሹን በዚያ ፎርማት አድርጉት። የማያነብ ከሆነ ቪዲዮውን በክፍል ክፍል አውጡት፤ ቤተ ክርስቲያን አንድ፣ ግብዣው ሁለት፣ መልሱ ሦስት። ዘመድ ሲሰበሰብም የሚፈለገውን ክፍል ማግኘት ይቀላል።

መጭመቂያውን የሚያስቸግሩ ትዕይንቶች

መጭመቂያ የሚቆጥበው ከፍሬም ወደ ፍሬም ያልተለወጠውን ክፍል ደግሞ ባለመጻፍ ነው። ሁሉም ነገር ባንዴ ሲንቀሳቀስ የሚቆጥበው ነገር ያጣል። ጃንሜዳ ላይ በጥምቀት የሚረጨው ውኃ፣ የጃንጥላዎቹ ዘርፍና የሚወዛወዘው ሕዝብ ለማንኛውም ኮዴክ ከባድ ናቸው። መስቀል አደባባይ የደመራው እሳት ብልጭታውና ጢሱ ከጨለማው ሰማይ ጋር ተደምሮ ደግሞ ይብሳል። እስክስታም እንዲሁ ነው፤ ትከሻ በፍጥነት ይርገበገባል፣ የቀሚሱ ጥልፍና የነጠላው ጥለት ደግሞ ደቃቅ ስለሆነ ቢትሬት ሲያንስ ጥለቱ ወደ አንድ ወጥ ቀለም ይለወጣል። እንዲህ ላለው ክፍል አርኤፉን በ2 አሳንሱ።

ቡና ሲፈላ የሚታየው የዕጣን ጢስ ችግሩ ሌላ ነው። እንቅስቃሴው ዝግ ያለ ነው፤ ግን ቀለሙ ቀስ በቀስ ስለሚለዋወጥ ከተጨመቀ በኋላ እንደ ደረጃ የተሰመሩ ጥላዎች ይወጣሉ። አርኤፍ ማሳነስ ይረዳል። ተመልካቹ የሚከፍትበት መሣሪያ ከቻለ ብዙ የቀለም ደረጃ በሚይዘው በ10 ቢት ኤች.265 ማውጣት ደግሞ የበለጠ ያለሰልሰዋል።

በጧፍ ብርሃን ወይም ማታ ግቢ ውስጥ የተቀረጸ ምስል ደግሞ በሚርመሰመስ ጉድፍ የተሞላ ነው። ኮዴኩ ጉድፉን እንቅስቃሴ ነው ብሎ ስለሚይዘው ፋይሉ ያለ ጥቅም ይገዝፋል። በሃንድብሬክ «ፊልተርስ» ገጽ ላይ «ኤንኤልሚንስ» የሚለውን ጉድፍ ማጽጃ በ«አልትራላይት» ወይም በ«ላይት» ሞክሩት። ሥራውን በጣም ያዘገያል። ከዚያ አልፋችሁ ከጨመራችሁት የሰው ፊት እንደ ሰም የለሰለሰ ይሆናልና አትሂዱበት።

ስለዚህ ሙሉውን ከማውጣታችሁ በፊት ከጭፈራው አንድ ደቂቃ፣ ከጨለማው ክፍል አንድ ደቂቃ መርጣችሁ እነሱን ብቻ አውጡ። ሃንድብሬክ ውስጥ «ሬንጅ» የሚለው መነሻና መድረሻ ይቀበላል። የወጣውን በላፕቶፑ ሳይሆን ፋይሉ በሚታይበት በራሱ ቴሌቪዥን ላይ ክፈቱት። በ14 ኢንች ስክሪን ያልታየ እንከን በ55 ኢንች ላይ ጎልቶ ይወጣል።

በቴሌግራምና በዋትስአፕ ለመላክ

እዚህ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል። ጥራት መርጣችሁ መጠኑን አትጠብቁም፤ መጠኑን ትወስኑና ቢትሬቱን ታወጣላችሁ። ቴሌግራም ክፍያ ለማይከፍል ተጠቃሚ ገደቡ በአንድ ፋይል 2 ጊጋባይት ነው። የ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሰርግ 9600 ሰከንድ ነው። 2000 ሜጋባይት በ8 ተባዝቶ ለ9600 ሲካፈል 1.67 ሜጋቢት ይደርሰዋል። ከዚያ ላይ ለድምፅ 128 ኪሎቢትና ትንሽ ትርፍ ቀንሱ፤ ለምስሉ የሚቀረው 1.5 ሜጋቢት ነው። ይህ ለ1080ፒ አይበቃም፣ ለ720ፒም ጠባብ ነው። ያንኑ ሰርግ ለሁለት 80 ደቂቃ ብትከፍሉት ግን እያንዳንዱ ክፍል 3.1 ሜጋቢት ያገኛል፤ በ720ፒ ደህና ይታያል። መክፈል ከማደብዘዝ ይሻላል።

ለዚህ ሥራ «ኮንስታንት ኳሊቲ»ን ትታችሁ «አቬሬጅ ቢትሬት»ን ምረጡና ቁጥሩን በኪሎቢት ጻፉ፤ ለ3.1 ሜጋቢት 3100 ማለት ነው። «መልቲ ፓስ» የሚለውንም አብሩ። በመጀመሪያው ዙር ከባዱና ቀላሉ ክፍል የት እንዳለ ያጠናል፣ በሁለተኛው መረጃውን በዚያ መሠረት ያከፋፍላል። «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የሚለውን ምልክት ማድረግ እንዳትረሱ። የኤምፒ4 የይዘት ማውጫ (ምስሉና ድምፁ ፋይሉ ውስጥ የት እንዳለ የሚያመለክተው ዝርዝር) ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፋይሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ ይህ ምርጫ ወደ መጀመሪያው ያመጣዋል፣ ተቀባዩም ሁሉም እስኪወርድ ሳይጠብቅ ማየት ይጀምራል።

ስትልኩ «እንደ ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ። እንደ ተራ ቪዲዮ ከጋለሪ ከላካችሁት መተግበሪያው በራሱ ቅንብር እንደገና ሊጨምቀው ይችላል፤ የደከማችሁበት ሁሉ እዚያ ላይ ይቀራል። ዋትስአፕም ላይ በ«ዶክዩመንት» በኩል እስከ 2 ጊጋባይት ይሄዳል፣ ሳይነካ ይደርሳል። አገር ቤት በሞባይል ዳታ ለሚያዩት ግን 2 ጊጋ መላክ ፓኬጃቸውን መጨረስ ነው። ለእነሱ የ5 ደቂቃ ምርጥ ምርጡን ቁረጡላቸው፤ 720ፒ በ2 ሜጋቢት ከነድምፁ 80 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል።

የድሮ ካሴትና ዲቪዲ

የድሮ የሰርግ ዲቪዲ ካላችሁ ከማሳነስ በፊት ሙሉ ማኅደሩን ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ባለአንድ ንብርብር ዲስክ ቢበዛ 4.7 ጊጋባይት ነው፤ ያ ራሱ ኦርጅናላችሁ ነው። በዲቪ መልክ የተገለበጠ ሚኒዲቪ ካሴት በሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። እሱንም አቆዩት።

የእነዚህ ምስል በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፍሬም በተፈራረቁ መስመሮች ከሁለት ግማሾች የተሠራ ነው። በላፕቶፕ ሲታይ የሚንቀሳቀስ እጅ ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የሚሆነው ለዚህ ነው። በሃንድብሬክ ግማሾቹን በሚያዋህደው «ዲኢንተርሌስ» ውስጥ «ብዊዲፍ» ወይም «ያዲፍ» አብሩ። «ቦብ» የሚለውን ከመረጣችሁና ፍሬም ሬቱን 50 ካደረጋችሁት ጭፈራው እንደ ካሴቱ ጊዜ ለስላሳ ሆኖ ይሄዳል። ይህንን ሳያደርጉ መጨመቅ የማይድን ስህተት ነው፤ ጥርሶቹ ከምስሉ ጋር ይጣበቃሉ።

መጠኑ 720 በ576 ሆኖ ይቅር። ወደ 1080ፒ ማሳደግ ፋይሉን እንጂ ዝርዝሩን አይጨምርም። ሰዎቹ ቀጥነው ከታዩ የነጥቡ ቅርጽ ጠፍቷል ማለት ነው፤ «አናሞርፊክ» የሚለውን «አውቶማቲክ» አድርጉት።

በተደጋጋሚ የሚገጥሙ ችግሮች

መጀመሪያ ላይ የገጠመው ድምፅ መጨረሻ ላይ ከከንፈር ከዘገየ፣ ምክንያቱ ስልኩ ነው። ስልኮች እንደ ብርሃኑና እንደ ሙቀታቸው የፍሬም ብዛታቸውን ይለዋውጣሉ፤ አንዳንድ ማቀናበሪያዎች ደግሞ ይህን አይረዱትም። የስልኩን ቪዲዮ ወደ ማቀናበሪያው ከማስገባታችሁ በፊት በሃንድብሬክ «ኮንስታንት» አድርጋችሁ በአርኤፍ 16 ገደማ አውጡት። ፍተሻ ስታደርጉ ሁልጊዜ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች እዩ።

ካሜራው በ25፣ የዘመድ ስልክ በ30 ፍሬም ቀርጾ ከሆነ አብዛኛው ቀረጻ የተቀረጸበትን ቁጥር ተከተሉ። 25ን ወደ 30 ስትቀይሩ ከ5 ፍሬም አንዱ ስለሚደገም ሰው ሲራመድ ይንገዳገዳል። የምስሉ መርገብገብ ግን ፋይሉን ከማውጣት የሚመጣ አይደለም። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንድ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፤ ሸተሩ (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ሲሆን ይሄ ይታያል። ለሚቀጥለው ቀረጻ ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት።

ከአዲስ አይፎን የመጣ ቪዲዮ በቴሌቪዥን ገርጥቶ ከታየ ብዙ ጊዜ በኤችዲአር (ሰፊ የብርሃንና የቀለም ልዩነት በሚይዝ ዘዴ) የተቀረጸ ነው። በማቀናበሪያው ውስጥ ወደ ሬክ.709 (ወደ ተለመደው የቴሌቪዥን ቀለም) ቀይራችሁ አውጡት፤ ለወደፊቱ ደግሞ በስልኩ የካሜራ ቅንብር ውስጥ ኤችዲአር ቪዲዮን አጥፉ።

መብራት በመሀል ከጠፋና ኮምፒውተሩ ከተዘጋ፣ በግማሽ የቀረው ኤምፒ4 ማውጫው ስላልተጻፈ አይከፈትም። ረጅም ሥራ በ30 በ30 ደቂቃ ከፋፍላችሁ በሃንድብሬክ «ኪው» (ተራ ማስያዣ) አሰልፉት፤ ቢቋረጥ የሚጠፋው አንዱ ብቻ ነው።

ማስቀመጥ

ኦርጅናሉ በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ይሁን፤ ሁለተኛው ሌላ ቤት ይቀመጥ፣ ከእናት ወይም ከወንድም ዘንድ። ፍላሽ ለመውሰድና ለማምጣት እንጂ ለማኖር አይሆንም። አዲስ የገዛችሁትን ፍላሽ ኤች2ቴስትደብሊው በተባለው ፕሮግራም ሞክሩት። የውሸት አቅም ያለው ፍላሽ ሙሉውን የተቀበለ ይመስላል፤ የፋይሎቹ ስም ይታያል፣ ውስጣቸው ግን አይከፈትም። ፕሮግራሙ ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይህን ያጋልጣል። ስትገለብጡም ቴራኮፒ በተባለው የመገልበጫ ፕሮግራም «ቬሪፋይ» አብርታችሁ አረጋግጡ፤ ከካሜራው ሚሞሪ ላይ የምታጠፉት ከዚያ በኋላ ነው።

ስም ስትሰጡ ዓመተ ምሕረቱን ግልጽ አድርጉ። ሲጨመቅ ፋይሉ የተቀረጸበትን ቀን ሊያጣ ይችላል። ካሜራው የሚጽፈው በፈረንጆቹ ነው፣ እናንተ ደግሞ በኢትዮጵያ ትጽፋላችሁ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ 7 ወይም 8 ዓመት ይዛባል። «2017 ዓም ጥር 11 ጥምቀት ጃንሜዳ ክፍል 1» በቂ ነው። አንዳንድ ቴሌቪዥን የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ስሙን በባዶ ሳጥን ስለሚያሳይ፣ በፍላሽ ለሚሄደው ቅጂ ቁጥሮቹን ብቻ ተዉለት።